ልጅና ውሻ በአንድ ግቢ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ መናገር የተለመደ ነው። ስለ ቤት ውሻ መናገር ግን ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ የምሕንድስና ሙያ የመጨረሻ ግቡ የሰውን ሕይወት ከአደጋ መጠበቅ ከሆነ፣ በየግቢው የሚደርሰውንና ከሁሉ አስቀድሞ ልጆችን የሚጎዳውን አደጋ መመርመር ከሙያው ክልል ውጭ ነው ሊባል አይችልም። ግቢውን የሚነድፈው፣ አጥሩን የሚለካው፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ ወይም የመሐንዲሱን ሥራ አይቶ የሚሠራው ግንበኛ ነው። የውሻው ማሰሪያ ግን በየትኛውም ፕላን ላይ ተሥሎ አይታይም። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ አንድ ካስማ በበሩ አጠገብ ይተክላል፤ ውሻውንም ከዚያ ያስራል። ልጁም በየቀኑ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው።

በከተሞቻችን ብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጽሑፉ መልካም ነው፤ እንግዳውን ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ጽሑፉ ያለው ከበሩ በስተ ውጭ ነው። የቤቱ ልጅ የሚኖረው ከበሩ በስተ ውስጥ ነው፤ ገና ፊደል ያልቆጠረም ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው እንግዲህ ከአደጋው ርቆ ለሚኖረው እንጂ ከአደጋው ጋር አብሮ ለሚያድረው አይደለም። የዚህ ንግግር ዐቢይ ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል፤ ይኸውም የልጅ ደኅንነት በውሻው ደግነት ወይም በልጁ ጨዋነት ላይ ሊጣል አይገባውም፤ በርቀት፣ በከለላና በዐዋቂ ዐይን ላይ መቆም አለበት የሚል ነው።

ውሻው ለምን ተፈለገ?

ለጉዳዩ ምሳሌ ይሆን ዘንድ የወረታ ከተማና በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ተመርጧል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለ፣ ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት ሰፊ አገር ነው። ጥንት በስሙ በሚጠራው የከብት ዝርያ፣ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዝ ታውቋል።

በዚህ አገር ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው። በገጠሩ ከብቱ በሚያድርበት በረት ዙሪያ ጅብ ይከላከላል፤ በመኸር ወራትም አውድማ ይጠብቃል። በከተማው ደግሞ ሩዝ ያመጣው ንግድ ለውሻ አዲስ ሥራ ፈጥሮለታል። የሩዝ መፈልፈያና መጋዘን ያለበት ግቢ ሌሊቱን ያለ ጠባቂ ሊያድር አይችልምና። ነጋዴው እህሉን የሚያከማችበት ግቢና ልጆቹን የሚያሳድግበት ግቢ አንድ በሆነበት ቤት፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ቦታና ውሻው የሚጠብቀው ቦታ አንድ ይሆናል። ስለዚህ «ውሻውን አስወግዱ» የሚለው ምክር ለመናገር ቀላል ቢሆንም ንብረቱንና ከብቱን በውሻ ጩኸት አምኖ ለሚተኛው ሰው ምክር አይሆነውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባልም የውሻውንና የቤተሰቡን ውል ያስረዳል፤ ቤተሰቡ ያበላል፤ ውሻው ይጮኻል። ጥያቄው ይህ ውል ልጁን ሳይጎዳ እንዴት ይፈጸማል የሚለው ነው።

የሚፈራው ውሻ ራሱ ፈሪ ነው

ብዙ ሰው ጠባቂ ውሻ ጠባቂ የሚሆነው ሲቆጣ ነው ብሎ ያምናል። ከዚህም የተነሣ ቡችላው ከእናቱ ጡት ሳይጠግብ ይለያል፤ ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፤ ሌሊት ይለቀቃል። ሰው እንዳይለምድ ተብሎ ከእንግዳ ይሰወራል። መንገደኛው ድንጋይ ይወረውርበታል፤ የሰፈር ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ በእንጨት ይጎነትሉታል። ውሻውም ሲያድግ በእርግጥ ኃይለኛ ይሆናል። ነገር ግን ኃይለኛነቱ በአብዛኛው ድፍረት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ፈሪ እንስሳ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይዋጋል። ሰንሰለት የመጀመሪያውን መንገድ ይዘጋበታል። መሸሽ እንደማይችል የተረዳ ውሻ የቀረው ምርጫ አፉ ብቻ ነው። ስለሆነም ቀኑን ሙሉ አጥብቆ ማሰር ከአደጋ የሚጠብቅ መስሎ አደጋውን የሚያጠራቅም ዘዴ ነው። የታሰረው ውሻ የሚያየው ልጅ ሁሉ ሮጦ ሊመታው የሚመጣ እየመሰለው በእያንዳንዱ ቀን ቁጣውን ይለማመዳል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ የተበጠሰ እንደሆነ ወይም ልጁ የተጠጋ እንደሆነ፣ ሲለማመድ የኖረውን ይፈጽማል።

ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። ጭራውን ከእግሮቹ መካከል ይወሽቃል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ፊቱን አዙሮ በዐይኑ ነጭ በኩል ይመለከታል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ ሳይደክመው ያዛጋል። ይህ ሁሉ «ራቁልኝ» ማለቱ ነው። የሚሰማው ያጣ እንደሆነ አካሉን አድርቆ ቀጥ ይላል፤ ያጉረመርማል፤ ጥርሱን ያገጥጣል። ዐዋቂ ሰው ይህን ቋንቋ በመጠኑም ቢሆን ያነበዋል። ትንሽ ልጅ ግን አያነበውም፤ የተገጠጠውን ጥርስ እንደ ሣቅ የሚቆጥር ሕፃንም አለ።

በዚህ ረገድ በብዙ ቤት የሚፈጸም አንድ ከባድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ውሻው በልጁ ላይ ሲያጉረመርም መምታት ነው። ማጉረምረም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። የአንድ ፋብሪካ ደወል በጮኸ ቁጥር ደወሉን የሚሰብር ኃላፊ ቢኖር እሳቱን አጠፋ አይባልም። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻም ፍርሃቱ አይለቀውም፤ ማስጠንቀቂያውን ትቶ ያለ ድምፅ መንከስን ይማራል። ማጉረምረም የሰማ ሰው ማድረግ ያለበት ልጁን በእርጋታ ከዚያ ማራቅና ውሻውን ያስፈራው ምን እንደሆነ መፈለግ ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ልጆችን አብዝቶ የሚነክሰው የማያውቁት የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት የቤት ወይም የጎረቤት ውሻ ነው። በትንንሽ ልጆች ላይ ንክሻው የሚያርፈውም በአብዛኛው በፊት፣ በራስና በአንገት ላይ ነው። ምክንያቱ የቁመት ጉዳይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቁመት አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ውሻውን ሲያቅፍ ፊቱ ከውሻው አፍ ፊት ለፊት ይውላል። ዐዋቂውን እግሩ ላይ የሚያቆስለው ንክሻ ልጁን ዐይኑን ሊያሳጣው ወይም ሊገድለው ይችላል።

ግቢውን መንደፍ

እንግዲህ በወረታ ውስጥ አንድ የተለመደ ግቢ ይታሰብ፤ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። ውሻው በዋናው በር አጠገብ በ2 ሜትር ሰንሰለት ታስሯል። በሰንሰለቱ ላይ የውሻው አንገትና አፍ የሚዘረጋበት ግማሽ ሜትር፣ የልጁ እጅ የሚዘረጋበት ሌላ ግማሽ ሜትር ይጨመርበታል። የአደጋው ክብ ራዲየስ እንግዲህ 3 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ካስማው ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቢተከል ክቡ 28 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ከግቢው ከመቶ 14 እጅ መሆኑ ነው። የቤቱ ልጅ ለትምህርት፣ ለመላላክና ለጨዋታ በቀን አራት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ ቢገባ፣ ያንን ክብ በቀን 8 ጊዜ፣ በዓመት 2,920 ጊዜ ይቆርጣል። ማንኛውም መሐንዲስ ይህን ያህል ጊዜ ተደጋግሞ የሚጫንን ዕቃ «እስከ ዛሬ አልተሰበረምና አይሰበርም» ብሎ አያልፈውም። ስለ ውሻው ግን «እስከ ዛሬ ማንንም አልነከሰም» የሚለው ቃል እንደ በቂ ማረጋገጫ ሲቆጠር ይኖራል።

የመጀመሪያው ማሻሻያ ወጪ የለውም፤ ካስማውን መንቀል ብቻ ነው። ያው ሰንሰለት በአጥሩ ወገብ ላይ ቢታሰር ክቡ በግማሽ ተቆርጦ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። በግቢው የኋላ ማእዘን ቢታሰር ሩቡ ብቻ፣ ማለትም 7 ካሬ ሜትር ይቀራል። ልጁ ወደ በር፣ ወደ ማድቤት፣ ወደ ውሃ ቧንቧና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድባቸው መንገዶች ሁሉ ከዚያ ማእዘን ውጭ መሆን አለባቸው። የክቡ ጠርዝም በድንጋይ ረድፍ ወይም በኖራ መሥመር ቢመለከት ሕፃኑ ሳይቀር «ከዚህ አይታለፍም» የሚለውን በዐይኑ ያያል። ሌሊት የሚለቀቀው ውሻም ልጆቹ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ እንዲለቀቅ፣ ጧት ልጆቹ ሳይወጡ እንዲመለስ፣ ይህንም የሚያደርግ አንድ የታወቀ ዐዋቂ ሰው እንዲኖር ያስፈልጋል። «አንዱ ያስረዋል» የተባለ ውሻ ማንም ሳያስረው የሚያረፍድበት ቀን አይጠፋም።

የተሻለው ግን ሰንሰለቱን በጠቅላላው ትቶ የውሻ በረት መሥራት ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ በረት 12 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ በግቢው መካከል ከተዘረጋው የሰንሰለት ክብ ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። ውሻው በውስጡ ይንቀሳቀሳል፤ ሲፈራም የሚገባበት ጎጆ ይኖረዋል። የባሕር ዛፍ አጣና፣ የሽቦ መረብና አሮጌ ቆርቆሮ ይበቃል። ቁመቱ ከ1.8 ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ድረስ ያለው ክፍል በቆርቆሮ ወይም በሳንቃ የተደፈነ ይሁን፤ ልጁ ጣቱን እንዳያስገባ፣ ውሻውም የሚሯሯጡ ልጆችን እያየ እንዳይቆጣ ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ወደ ውጭ የሚከፈተውን ውሻው ገፍቶ ሊወጣ ይችላልና። የስድስት ዓመት ልጅ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ የሚደርስበት 1.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ መቀርቀሪያው በ1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ቁልፍም ቢኖረው መልካም ነው። ምግቡና ውሃው ከውጭ በምትከፈት ትንሽ መስኮት ይግባለት፤ የሚያስገባውም ዐዋቂ ይሁን። ጎጆው ከመሬት ከፍ ብሎ የሩዝ ገለባ ቢነጠፍለት ውሻው ከእርጥበት ይድናል።

በፎገራ ሜዳ ለሚሠራ አጥር አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሜዳው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሰኔ ጠብቆ የቆመ ቋሚ በጥር ይላላል፤ ከአጥሩ ሥርም ውሻ ቀርቶ ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት ይፈጠራል። ስለሆነም የቋሚው ጉድጓድ ጠለቅ ብሎ መቆፈር፣ ዙሪያውም በጠጠር መሞላት አለበት፤ በአጥሩ ሥር የድንጋይ እርከን ይደርደር፤ አጥሩም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣና በጋው ሲበረታ፣ በእጅ እየተነቀነቀ ይፈተሽ። ተሠርቶ የተረሳ ከለላ ከለላ ከሌለው ግቢ ይልቅ ያዘናጋል።

ልጁ የሚማረው

ከለላው የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ልጁ አንድ ቀን ከውሻ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ አይቀርም፤ የራሱ ባይሆን የጎረቤት፣ ወይም ከብት ሲያግድ የሚያገኘው የሌላ ሰው ውሻ ይሆናል። አበው «ልጅ ከሳቁለት፣ ውሻ ከሮጡለት» ብለዋል። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ሁለት እውነት አለ። የሮጠውን ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነው፤ በሣቅ የታለፈ የልጅ ጥፋትም ይደገማል። በውሻው ጆሮ የተንጠለጠለ ሕፃን «እንዴት ይወዳደዳሉ!» ተብሎ ሲሣቅለት ነገ ያንኑ ይደግማል፤ ነገ ግን ውሻው ታሞ ወይም ፈርቶ ሊገኝ ይችላል።

ለልጅ የሚሰጠው ትምህርት አጭርና የማይለዋወጥ መሆን አለበት። የሚበላ፣ የተኛ፣ ቡችላ ያላት፣ የታመመ ወይም የታሰረ ውሻ አይነካም። ውሻ አይታቀፍም፤ ፊት ለፊት ዐይን ለዐይን አይታይም። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ አይጮኽም፤ እጅን ሰብስቦ፣ ዐይንን ወደ መሬት ጥሎ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ውሻው የጣለው እንደሆነ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ አንገቱንና ጆሮውን በእጆቹ ሸፍኖ እንደ ድንጋይ መጠቅለል ነው። ይህ በቃል ብቻ አይያዝም፤ ልጆቹ በጨዋታ መልክ «ዛፍ!» «ድንጋይ!» እየተባሉ ቢለማመዱት በፍርሃት ሰዓት አካላቸው ያስታውሰዋል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ የመጨረሻው ከለላ እንጂ የመጀመሪያው እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የተነገረውን ቢደግመውም በጨዋታ መካከል ይረሳዋል። ትንሽ ልጅና ውሻ፣ ውሻው የፈለገውን ያህል ገራም ቢሆን፣ ዐዋቂ በሌለበት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አብረው ሊቀሩ አይገባም። ዐዋቂውም በግቢው ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቡና እያፈላች ጀርባዋን የሰጠች እናት፣ ከእንግዳ ጋር የሚያወራ አባት አለ አይባልም።

በተለይ የበዓል ቀን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በገና ግቢው በእንግዳ ይሞላል፤ በግ ይታረዳል፤ አጥንት ይወረወራል። ውሻው ከማያውቀው ሰው፣ ከደም ሽታና ከምግብ ሽሚያ ጋር በአንድ ሰዓት ይገጥማል። የዘመድ ልጆችም የግቢውን መሥመር አያውቁም። በዚያን ቀን ውሻው እንግዳ ሳይገባ በበረቱ ውስጥ አጥንቱን ይዞ ቢዘጋበት በዓሉ በሰላም ይውላል።

ውሃ ሲመጣ

የፎገራ ሰው ሌላም ፈተና አለበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የጣና ዙሪያ ሜዳዎች በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሰው ቤቱን ለቆ ወደ ከፍታ ቦታ ለመሸሽ መገደዱ ይታወሳል። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ሰውም ከብትም ውሻም በአንድ ደረቅ መሬት ላይ ይሰበሰባል። ውሻው የሚጠብቀው ግቢ የለውም፤ የሚሸሽበት ቦታም የለውም፤ በዙሪያው ግን የማያውቃቸው ልጆች ይራወጣሉ። ለፍርሃት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም። ስለሆነም የመጠለያ ቦታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለውሃ፣ ለመጸዳጃና ለከብት ቦታ እንደሚለኩ ሁሉ ውሾች የሚታሰሩበትን ዳርቻ አብረው ሊለኩ ይገባል። ቦታው ከድንኳኖቹና ልጆች ውሃ ከሚቀዱበት መንገድ የራቀ ይሁን። የውሾቹ ክትባትም ከክረምቱ በፊት ቢጠናቀቅ ሌላውን ትልቅ ፍርሃት ያቃልላል።

ንክሻ ከደረሰ

ያ ትልቅ ፍርሃት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአገራችን በሽታው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 በአዲስ አበባ ወረርሽኙ ተነሥቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና የባህል ሕክምናውን ዘርዝረው ጽፈዋል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 2,700 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታውን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት ንክሻዎች ከመቶ 99ኙ የውሻ ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ ሲሞክር የዳነው ዮሴፍ ማይስተር የተባለ፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

ስለዚህ ውሻ የነከሰውን ልጅ በተመለከተ ሥርዓቱ ይህ ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። ቁስሉ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ክትባቱ በሐኪም በታዘዘው ቀጠሮ ሁሉ ሳይቋረጥ ይፈጸም። በሽታው ከሳምንታት እስከ ወራት ተሸሽጎ ሊቆይ ስለሚችል «ቁስሉ ድኗል» ማለት ልጁ ድኗል ማለት አይደለም። ጠበልና ጸሎት ከክትባቱ ጋር ይሁኑ እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁኑ።

ውሻውን በቁጣ ወዲያውኑ መግደልም አይመከርም። ሳያስጨንቅ መዝጋት የሚቻል ከሆነ ለ10 ቀን ተዘግቶ ይታይ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም በዚህ መሠረት ይወስናል። ልጁ ግን እስከዚያ ክትባቱን ሳይጀምር አይጠብቅም። ራሱ በድንጋይ የተፈጨ ውሻ ለምርመራ የሚሆን አንጎል አይተርፈውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የተነከሰ ልጅ የሚደብቅ መሆኑ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው አሮጌው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በሆድ ላይ ለብዙ ተከታታይ ቀናት የሚወጋ ነበርና የዚያ መርፌ ወሬ እስከ ዛሬ ሕፃናትን ያስፈራል። ዛሬ የሚመከረው ክትባት ግን በክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው። ልጁ ውሻ ነክቶ፣ አጥር ዘልሎ ወይም ተከልክሎ ሳለ ተነክሶ ቢመጣም አይገረፍ። የሚገረፍበት ቤት ልጅ ቁስሉን በልብሱ ይሸፍናል፤ ወላጆቹም የሚያውቁት ማዳን በማይቻልበት ቀን ነው።

የውሻውን ክትባት ለማስታወስ ደግሞ ንክሻ መጠበቅ የለበትም። ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ተከትቦ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሊደገምለት ይገባል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መዛመት እንደሚያቆም በሌሎች አገሮች ታይቷል። በከተሞቻችን ለብዙ ዘመን የተለመደው ውሻን በመርዝ የመፍጀት ዘዴ ይህን ውጤት አላመጣም፤ በሞቱት ፋንታ ያልተከተቡ ሌሎች ይመጣሉና። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለችው ወረታ ከሁለቱም ከተሞች የጤናና የእንስሳት ሕክምና ተቋማት ብዙም የራቀች አይደለችም፤ የሚጎድለው ባለቤቶቹ በአንድ ቀን ተሰብስበው ውሾቻቸውን ይዘው የሚወጡበት ልማድ ነው።

አስቸጋሪው ውሳኔ

በመጨረሻ አንድ ደስ የማያሰኝ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ሳይነካ ዘልሎ ልጅ የነከሰ፣ ወይም ልጅ ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ የሚያደባ ውሻ ልጅ ባለበት ግቢ መኖር አይገባውም። ልጅ በማይደርስበት መጋዘን ዐዋቂ ጠባቂ ካለው ጋር ሊሠራ ይችል ይሆናል። ይህም ካልሆነ በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ለውሻውም ለልጁም ይሻላል። ጠባዩን ደብቆ ለሌላ ቤተሰብ መስጠት ግን አደጋውን ማስወገድ ሳይሆን የሌላ ሰው ልጅ ላይ ማዛወር ነው። በራሱ ላይ የሚናድን ግድግዳ አደገኛ መሆኑን ሸሽጎ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚባል በዚህ ጉባኤ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቃል።

የማኅበሩ አባላት ከዚህ በኋላ የግቢ ፕላን ሲነድፉ አንድ ጥያቄ ለባለቤቱ እንዲያቀርቡ አደራ ይባላሉ፤ «ውሻ ይኖርዎታል? ልጅስ?» መልሱ ለሁለቱም «አዎን» ከሆነ፣ ከመኪና ማቆሚያውና ከመጸዳጃው ጎን ለውሻው 12 ካሬ ሜትር ይሠመርለት። ሥዕሉ ላይ የሚጨመረው አንድ አራት ማእዘን ብቻ ነው። ልጁ በዓመት 2,920 ጊዜ የሚቆርጠው ክብ ግን ከመንገዱ ላይ ይነሣለታል።